አርባ ቃል

ከደንገጎ ቁልቁል፣ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣
ድንኳን ዘረጋን ከግራር ጥላ ሥር።
ጋሽ ቶሌራ ቆሞ ሕጉን ሲያስታውቀን፦
"አማርኛ ሻንጣ ይግባ ዐሥራ ሁለት ቀን፤
ያመለጠው ካለ፣ ለጸሎትም ቢሆን፣
ድስት አጣቢው እርሱ ነው፣ እንዳትቀየሙን።"

ሃያ ስምንት ነበርን፣ ከከዚራ፣ ከሳቢያን፣ ከለገሃሬ፣
ድሬ ተወልደን ድሬ ያደግን፣ ወጥተን የማናውቅ እስከ ዛሬ፣
ቲማቲም ለመግዛት የሚበቃ ያህል ብቻ የምናውቅ፣
"ሜቃ?" ብለን ጠይቀን፣ መልሱ ሲጠፋብን የምንስቅ።
"'ጎረቤትህን ውደድ' ስትሉ" አለ፣ "በምን አንደበት?
'ነጋ ቡልቴ' ማለት ሳትችሉ፣ ግድግዳ ተጋርታችሁ ከእርሱ ቤት?"

ሲራክ ሦስቱን ሌሊት ድስት ሲያጥብ ከረመ፤
ተኝቶም ሳይቀር ባማርኛ አለመ።
ቤርሳቤህ መሰከረች፦ "ሲቃዥ ሰምቻለሁ፣ እናቱን ነው የጠራ፣"
ይህንንም ያለችው ባማርኛ ነበርና፣ አጠቡ በተራ በተራ።

ጠዋት ጠዋት ወደ አዴ ሙሚና ቤት እንላካለን፣
ፍየሎቿን ስታልብ አጠገቧ እንቀመጣለን።
"ሬኤ" ትላለች ፍየሏን ነክታ፣ "ኣነን" ወተቱን አሳይታ፣
ታስደግመናለች እንደ ሕፃን፣ አንገቷን አዘንብላ ቆይታ።
ሶላቷ ሲደርስ እኛ ዝም እንላለን፤
እርሷም እኛ ስንጸልይ ፍየል ትከለክልልናለች፣
ካለፈው እሑድ ወዲህ፤ አንዷ ከዮሐንስ ወንጌል ሁለት ምዕራፍ በልታለች።

እኔን ግን ሌላ ነው የቸገረኝ ነገር።
ባማርኛ ሳለሁ፣ ማይክራፎን ስይዝ፣ ምላሴ ወንዝ ነበር፤
"ዘላለማዊ፣ ኃያል፣ አልፋና ዖሜጋ" እያልሁ ስደረድር፣
ሰው "አሜን" ይልልኛል፣ ልቤ ሱቅ ይውላል፣ ዋጋ ሲከራከር።

እዚህ ያለኝ ግን አርባ ቃል ነው። አርባ።
ቆጠርሁት በጣቴ፦ ውሃ፣ እሳት፣ ፍየል፣ ማንጎ፣ ነገ፣ ና፣ ተቀመጥ፣ ግባ።
በዚህ ማን ይወደሳል? በዚህስ ማን ይሸነገላል?

ተንበርክኬ ቆየሁ፣ አሸዋው እስኪበርድ፣
አንድ ቃል ፍለጋ ከአፌ የሚወርድ።
"ያ ዋቃ" አልሁ። "አኒ ሂን ቤኩ" አልሁ፦ አላውቅም።
ይህን ያህል አጭር፣ ይህን ያህል እውነት፣ በጸሎት ተናግሬ አላውቅም።
"ቢሻን" አልሁ፦ ውሃ። የጠማው ሰው የሚለውን።
"ኮቱ" አልሁ፦ ና። ለልጅም፣ ለእንግዳም የሚባለውን።

በዘጠነኛው ሌሊት፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ኮከብ እንደ ጨው ፈሶ፣
ዝናቡ እላይ ነው የጣለው፤ እኛ ዘንድ ጠብ አላለም ጨርሶ።
የደቻቱን ታሪክ ከወላጅ ሰምተናል፤
ግን የሰሙት ነገር በጨለማ ሲመጣ መቼ ይታወቃል?
ከማዶ ጩኸት መጣ፣ አዴ ሙሚና ነች፣
"ከኣ! ሎላ ዱፌ!" ቆርቆሮ እየመታች።

"ሎላ" የሚለው ቃል ከአርባው ውስጥ አልነበረም።
ማንም አልተረጎመልኝም፤ እኔም አልተረጎምሁም።
እግሬ ነው ቀድሞ የሰማው። ቆሜ ነበር፤ ሲራክን በሸሚዙ
ጎትቼው ነበር፤ ዳገቱ ላይ ስንደርስ ድንኳኖቹ ተጓዙ።
ወንዙ፣ ያ ትናንት ኳስ የተጫወትንበት፣
ግንድ ተሸክሞ አለፈ፣ በሬ የሚያክል ድንጋይ እያንከባለለ በጨለማው ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ሳይለይበት።

ጋሽ ቶሌራ ቆጠረን፦ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ..." ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤
ሃያ ሰባት ላይ ቆመ። ልባችን ቀለጠ።
"አኒ አስ ጅራ!" አለች ቤርሳቤህ ከላይ፣
ግልገል በጉያዋ፣ ፊቷ ጭቃ በጭቃ፣ ሳቋ ከልቅሶዋ ሳይለይ።

ሲነጋ አዴ ሙሚና ወተት አመጣች በቅል፤
ካንዱ ቅል ጠጣን ሁላችን፣ ማንም "ይለፈኝ" ሳይል።
ጋሽ ቶሌራ ጉሮሮውን ጠረገ፦ "ሌሊት 'እናቴን!' ብሎ ባማርኛ የጮኸ ማነው?"
ሃያ ስምንት እጅ ወጣ።
"እንግዲያው ድስት ማጠብ ነው።"

ድስቱ ግን ሄዷል፤
ምናልባት ይህን ጊዜ ድሬ ገብቶ፣ ከአሸዋው ሥር ተቀብሯል።
ሲራክ ብቻ ደስ ብሎታል።